ፀሐይ ያልነካችው ዳሽቦርድ

ኅዳር 2

ይህን ደብተር የገዛሁት ለራሴ አይደለም። ስለ ራሴማ ምን እጽፋለሁ? የቆዳ ሐኪም ነኝ፤ ቀን የሰው ቆዳ አያለሁ፣ ማታ የሚስቴን ፊት አያለሁ፤ ሁለቱም ስለ እኔ ጥሩ ነገር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ደብተሩ የታማሚዬ ነው።

ታማሚ፦ ፔጆ 504፣ ነጭ፣ ዕድሜው ሃምሳ አለፍ ያለ። ቅሬታ፦ እስካሁን የለውም። የዳሽቦርዱ ቆዳ፦ ጥቁር ቪኒል፣ እንደ ሕፃን መቀመጫ ለስላሳ፣ ስንጥቅ የሚባል የማያውቅ።

ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም። የጆሃንስበርግ ፀሐይ ጨካኝ ናት። በክላሲክ መኪና ማኅበራችን ውስጥ ያሉት የዚህ ዘመን መኪኖች ሁሉ ዳሽቦርዳቸው ውሃ እንደሸሸው ኩሬ ተሰነጣጥቋል። ፋብሪካውን አልወቅስም፤ ጥፋተኛዋን በየቀኑ ከቢሮዬ መስኮት አያታለሁ። የእኔን መኪና ግን ከእኔ በፊት የነበረችው ግሪካዊት አሮጊት ከጋራዥ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ጋራዥ ብቻ ነው የነዳችው። እኔም ቤተ ክርስቲያኑን ትቼ ጋራዡን ቀጠልኩበት። በጥር የማኅበሩ ትርዒት ላይ ሰው ሁሉ በመስታወቱ አጎንብሶ ሲያይ፣ እኔ ራቅ ብዬ የማላይ መስዬ እቆማለሁ።

ራት ላይ ደስታነሽ፣ «ሀቢሶ ሱቅ ዛሬም እነዚያ ‹መጤ ይውጣ› የሚሉት የሰፈሩ ልጆች መጥተው ነበር» አለች።

ሀቢሶ ታናሽ ወንድሟ ነው። ዲፕስሉት በሚባለው የድሆች ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ ሱቅ አለው፤ እዚያው ሱቁ ውስጥ ይሸጣል፣ ይተኛል፣ ይጸልያል።

«ወሩ ሳያልቅ ዘግተህ ውጣ፣ አለዚያ እኛ እናወጣሃለን ብለውታል።»

«እግዜር ያውጣው» አልኩ።

«እግዜር ሲያወጣው የሚያስገባበት ጋራዥ ያስፈልገዋል» አለች።

ጉርሻዬ መንገድ ላይ ቀረች።

ኅዳር 4

ስብሰባ ተደረገ። ተሰብሳቢ እኔና ደስታነሽ። አጀንዳ አንድ።

በሳይንስ አስረዳኋት። ፀሐይ በመስታወት ትገባለች፣ መውጫ ታጣለች፣ ስትናደድ ዳሽቦርዱን ትበላለች። ቪኒሉን የሚያለሰልሰው ነገር በሙቀት ይተናል፤ ቆዳው ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ አንድ ቀን ሰው ሳይነካው ጣ ይላል። ካለ በኋላ መድኃኒት የለውም።

«ጻድቁ» አለች። ስሜ ገብረጻድቅ ነው፤ «ገብረ»ን የምትጥለው ስትናደድ ነው። «ያ መኪና ቤት አለው፣ ብርድ ልብስ አለው፣ ሐኪም አለው። ወንድሜ ከሦስቱ የቱ አለው?»

«ሐኪም አለው» አልኩ። «እኔ አለሁ አይደል?»

«እናያለን» አለች።

ሁለተኛው መኝታ ቤታችን በመለዋወጫ የተሞላ መሆኑንም አነሳች። ርዕስ ቀየርኩ። በመጨረሻ ጋራዡን ለሁለት ሳምንት ፈቀድኩ። ፈቀድኩ የሚለውን ቃል የጻፍኩት ለክብሬ ነው።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ሀቢሶ መጣ። በተከራየው ባኪ፣ ማለትም ፒክአፕ ላይ ሁለት ፍሪጅ፣ የበቆሎ ዱቄት፣ የቺፕስ ካርቶን፣ ፍራሽ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ራሱ። ረጅም ነው፤ የትም ሲገባ አንገቱን ሰብሮ ይቅርታ ጠያቂ ይመስላል። የጋራ ግቢያችን በር ላይ ለቆመው ሴኩሪቲ ለታባኒ በዙሉኛ «ሳውቦና ባባ!» ብሎ ሰላምታ ሰጠው፤ ታባኒ ለእኔ በአምስት ዓመት ውስጥ ስቆልኝ የማያውቀውን ሳቅ ሳቀለት።

ታማሚው ወጣ። የእንግዳ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ጥላ የለ፣ ዛፍ የለ። ዳሽቦርዱ ላይ ምንጣፉን አነጠፍኩ። የፊት መስታወቱ ላይ ብርማውን መጋረጃ ዘረጋሁ፤ ቀኙን ጠርዝ ከግራው በላይ አድርጌ። መስኮቶቹን በጣት ስፋት ከፈትኩ፣ ትንፋሽ እንዲያገኝ። በላዩ ላይ ሸራ አለበስኩት።

ሀቢሶ አጠገቤ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ለመኪና ነው?» አለ።

ተንኮል ያለበት አይመስልም። ተንኮል ደግሞ ምንጊዜም እንደዚያ ነው የሚመስለው።

ከመሸፈኑ በፊት እጁን ሰድዶ ዳሽቦርዱን ዳሰሰው። «እንዴት ያምራል!» አለ። በዚያ እጁ ከደቂቃዎች በፊት የቀዘቀዘ ዶሮ ሲያወርድ አይቼዋለሁ። ጨዋ ሰው ነኝ። ሲሄድ ጠረግሁት።

ጎረቤቴ ኩስም መጣ። ጡረተኛ ቡር፣ የአገሩ ነጭ ነው፤ ሁላችንም ኦም ኩስ፣ አጎቴ ኩስ እንደማለት፣ እንለዋለን። ሁለት የቆርቆሮ ጥላ አለው፤ በአንዱ ሥር አሮጌ ፔጆ 404 ያቆማል፣ ሁለተኛው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ባዶ ነው።

«ዶክተር፣ እዚያ አቃጠልከው እኮ። ከሚስቴ ቦታ አቁመው።»

«ኪራዩ ስንት ነው?»

«ኪራይ? በነጻ ነው እንጂ።»

በነጻ! የሱን 404 ዳሽቦርድ አይቼዋለሁ፤ ወንዞቹ ሳይቀሩ የተሣሉበት ካርታ ይመስላል። እንደዚያ ያለ ዳሽቦርድ ያለው ሰው የእኔን በነጻ የሚያስጠጋበት ምክንያት ምንድን ነው? «አመሰግናለሁ፣ አስብበታለሁ» አልኩት። አላስብበትም።

ኅዳር 7

ደስታነሽ ከቸርች ስትመለስ ትንሽ የዘይት ጠርሙስ ይዛ መጣች፤ ፓስተሩ የጸለየበት ነው። የመኪናው ትርፍ ቁልፍ ከሚቀመጥበት ብርጭቆ አጠገብ መደርደሪያው ላይ አኖረችው። የዕቃ አቀማመጥ የማታውቅ ሴት።

ኅዳር 11

ክሊኒክ በሰው ተጨናንቋል። ፀሐይ የጠበሳቸው ፈረንጆች። ለሁሉም «ጥላ፣ ባርኔጣ፣ ቅባት» እላለሁ፤ ማንም አይሰማኝም። የሚሰማኝ ታማሚ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ከቤቱ ተባሯል።

ስመለስ መጋረጃው ተለውጧል። ግራው ጠርዝ ከቀኙ በላይ ሆኗል።

እኔ ቀኙን ነው የማስቀድመው።

ኅዳር 15

ዘይት!

ዳሽቦርዱ ላይ፣ በተሳፋሪው በኩል፣ ምንጣፉ ተገልጦ ከሥሩ። ያብረቀርቃል። በጣቴ ነካሁ፣ አሸተትኩ። የወይራ ዘይት ነው።

ለማያውቅ ሰው ዘይት መቀባት ደግነት ይመስለዋል። ዘይት ግን ለቪኒል መርዝ ነው፤ ላዩን ያስውባል፣ ሙቀቱን ይስባል፣ ውስጡን ያደርቃል። ይህን ያደረገው ወይ ምንም የማያውቅ ነው፣ ወይ በደንብ የሚያውቅ። ኩስ በደንብ ያውቃል። ሀቢሶ ምንም አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱንም እጠረጥራለሁ።

ለደስታነሽ ነገርኳት። «ወይ ጉድ» አለችና ሰላጣዋን ማማሰል ቀጠለች። ስለ ዳሽቦርዱ እንዲህ በእርጋታ ስታዳምጠኝ የመጀመሪያዋ ነው። ደስ አለኝ።

ኅዳር 17

ወጥመድ ዘረጋሁ። ከራሴ ላይ አንድ ነጭ ፀጉር ነቅዬ በበሩ ክፍተት ላይ በምራቅ አጣበቅሁት። ማታ ስመጣ የለም። ሌባው ነጩን ወሰደ፤ ጥቁሩን ቢሆን ኖሮ ፖሊስ እጠራ ነበር።

ታባኒን ጠየቅሁት። «መኪናዬን ማን ሲነካ አየህ?»

«ዶክተር፣ ከቤትህ ሰው በቀር ማንም አልነካውም።»

«ከቤቴ ሰው የቱ?»

ታባኒ ወደ በሩ ዞር አለ። «መኪና መጣ፣ ልክፈት» ብሎ ሄደ። መኪና የሚባል አልነበረም።

የቤቴ ሰው። እንግዲህ በቤቴ ያለው አዲስ ሰው አንድ ነው።

ኅዳር 19

በጨዋ ደንብ ልጠይቀው ወሰንኩ። ፊት ለፊት መጠየቅ ነውር ነው፤ የሚስት ወንድም ነው። ጋራዡ በር ላይ ተቀምጦ የቺፕስ ካርቶን ሲቆጥር አገኘሁት።

«ሀቢሶ፣ ዘይት ላይ እንዴት ነህ?»

«ጋሼ?»

«ዘይት። ታበዛለህ ወይ?»

ፊቱ ተለዋወጠ። «እህቴ የሠራችውን ነው የምበላው ጋሼ።»

«አይ፣ እንዲሁ ነው። ለጤና ብዬ ነው።»

«እሺ ጋሼ። ይቅርታ ጋሼ።»

ይቅርታ አለ! ንጹሕ ሰው በምን ምክንያት ይቅርታ ይጠይቃል?

ኅዳር 20

ጠዋት ወጥ ቤት ገብቼ ሁለት ጀሪካን የሱፍ ዘይት መሬት ላይ ቆሞ አገኘሁ። ሀቢሶ ከሱቁ ዕቃ አምጥቶ ነው። ለእህቱ፣ «የበላሁትን ልተካ ብዬ ነው» ብሏታል።

ደስታነሽ ጀሪካኖቹን አየቻቸው፣ እኔን አየችኝ፣ ጀሪካኖቹን ደግማ አየቻቸው። ከሦስታችን የተሻለ የታዘነላቸው ጀሪካኖቹ ናቸው።

ኅዳር 22

ሀቢሶ ከእኛ ጋር ገበታ መቅረብ ትቷል። ጋራዡ ውስጥ ዳቦ በሻይ ይበላል። «ና እንጂ!» አልኩት። «ጾም ላይ ነኝ ጋሼ» አለኝ። የነቢያትን ጾም የሚጾም ጴንጤ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እኔ ኦርቶዶክሱ ይህን ስታዘብ ጥብስ በአፌ ነበር።

ሳልፍ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት፤ አገር ቤት ላለች እናቱ ይመስለኛል። «ደህና ነኝ እማ። ሰፊ ቤት ነው። እዚህ መኪናው እንኳ ብርድ ልብስ አለው።» ከዚያ ሳቀ። በማን እንደሚስቅ ገና እየተጣራ ነው።

ኅዳር 24

በረዶ። የእንቁላል ያህል። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ሳንዘጋጅ ወረደብን። እኔ በካልሲ ወጣሁ፤ የአልጋ ልብሳችንን ፔጆው ላይ ጣልኩ። ሀቢሶ ፍራሹን ጎትቶ መጣና የፊት መስታወቱ ላይ አጋደመው፤ እንዳይነሳ ራሱ በላዩ ተኛበት። በረዶው ጀርባውን ሲደበድበው «ኢየሱስ! ኢየሱስ!» ይላል።

ፔጆው ተረፈ። ሀቢሶ ኮፈኑ ላይ ሲወጣ ጫማ ማድረግ አለማድረጉን ማጣራት አለብኝ።

በየቀኑ የምንነዳውን መኪና ማንም ስላላሰበው የኋላ መስታወቱ ረገፈ። አዲሱ መስታወት እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል አሉ። ደስታነሽ «የትኛውን እንዳለበስክ አየሁ» አለች። ማታ የሀቢሶ ፍራሽ አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ውሃ ሲያንጠባጥብ አየሁት። ምን ላይ ተኝቶ እንደሚያድር አልጠየቅሁም። ይህ ስለ ዳሽቦርድ የሚጻፍ ደብተር ነው።

ኅዳር 27

ሙቀቱ ባሰ። ዘይቱ በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ታየ። አጠብኩ፣ አደረቅሁ፣ በውሃ የሚሠራውን መከላከያ ቀባሁ። የታማሚው ግንባር መድረቅ ጀምሯል፤ ስነካው ይታወቀኛል።

ኩስ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። «ወንድምየው ይቆያል?»

«ሁለት ሳምንቱ አልፏል» አልኩት። «ወይ እሱ ይወጣል፣ ወይ ዳሽቦርዴ ይሰነጠቃል።»

ቀልድ ነበር። ኩስ ግን አልሳቀም። ዓይኑ ከኋላዬ ነበር። ዞር ስል የጋራዡ በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ በሥሩ የሀቢሶ ነጠላ ጫማ ይታያል፣ እግሩም ውስጡ ነበር።

እንግሊዝኛ ብዙ አይገባውም። ይመስለኛል።

ኅዳር 29

ሄዷል።

ጋራዡ ተጠርጓል፣ በሳሙና ታጥቧል። ጎማዎቹ የሚያርፉበት ቦታ ላይ ሁለት የተዘረጋ ካርቶን አኑሯል፣ መኪናው እንዳይቆሽሽ። ፍሪጆቹን ትቷቸው ሄዷል።

«የት ሄደ?»

«ወደ መጣበት» አለች ደስታነሽ።

«እነዚያ ልጆችስ?»

«ዳሽቦርድህን ጠይቀው።»

ታማሚው ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ካርቶኑ ልክ ጎማው ሥር ዋለ። ሰላም ሊሰማኝ ይገባ ነበር። የሳሙናው ሽታ ነው መሰለኝ የከለከለኝ።

ታኅሣሥ 2

ጋራዡ ተቆልፏል። ሀቢሶ ዲፕስሉት ነው። ኩስ ባሕር ዳርቻ ልጁ ጋ ሄዷል። ዳሽቦርዱ ላይ ግን ዘይት አለ።

ተጠርጣሪዎቼ በአንድ ቀን አለቁብኝ።

መብራት አምጥቼ እንደ ሐኪም መረመርኩት። እስካሁን በንዴት ስጠርገው ልብ ብዬ አላየሁም ነበር። የፈሰሰ ዘይት አይደለም፤ መዳፍ ነው። ትንሽ መዳፍ፣ ጣቶቹ የተዘረጉ። ከአውራ ጣቱ ሥር ምንም የቆዳ መስመር የሌለበት ልሙጥ ቦታ አለ። ጠባሳ ነው።

ያንን ጠባሳ አውቀዋለሁ። ሂልብሮው ክሊኒክ ስሠራ፣ ዮቪል ሰፈር ምግብ ቤት ውስጥ የፈላ ዘይት እጇ ላይ የተደፋባት አንዲት ወጣት መጥታ ነበር። ፋሻውን እኔ ነኝ የቀየርኩላት፤ ከዳነችም በኋላ ብዙ ጊዜ ቀይሬላታለሁ። ጠባሳውን አክሜ፣ ባለጠባሳዋን አገባሁ።

ታኅሣሥ 3

ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ልቤ ተነካ። ሚስቴ በእጇ ላይ ዘይት አድርጋ፣ ለባሏ መኪና በድብቅ ትጸልያለች! ዘይቱ ስሕተት ቢሆንም ፍቅሩ ፍቅር ነው። በቁርስ ላይ በለሰለሰ ድምፅ ጀመርኩ።

«ደስዬ፣ ደርሼበታለሁ። ለፔጆው ስትጸልዪ ነበር።»

ሻይዋን አስቀመጠች። «አዎ።»

«እንዳይሰነጠቅ።»

«እንዲሰነጠቅ።»

«ምን?»

«ሥራ ከመሄዴ በፊት መጋረጃህን እገልጣለሁ፣ እጄን እጭናለሁ። ‹ጌታ ሆይ፣ ይህን ጣዖት ሰንጥቀውና ባሌን መልስልኝ› እላለሁ። መጋረጃውን ግን መልሼ እዘጋለሁ፤ ሌባ አይደለሁም።»

«በዘይት ደግሞ! ዘይት ቪኒል እንደሚያደርቅ አታውቂም?»

«ራት ላይ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ?»

ይህች ሴት በእምነትም በኬሚስትሪም ዞራ መጥታብኛለች።

«ታዲያ ሀቢሶን ስጠረጥረው ለምን ዝም አልሽ?» አልኩ በመጨረሻ።

ይህን ጊዜ ነው ፊቷ የተለወጠው። «መጠርጠርህን መቼ ነገርከኝ?» አለች። «ያን ሁለት ጀሪካን ዘይት ለምን እንዳመጣ እስከ ዛሬ አልገባኝም ነበር።»

ታኅሣሥ 5

ትርፍ ቁልፉን ደበቅሁ።

ለሀቢሶ ደወልኩ። አንዴ ጠርቶ ዘጋሁት። ኔትዎርክ ነው።

ታኅሣሥ 8

በዋትሳፕ ወሬው ብዙ ነው። ቅዳሜ ዲፕስሉት ውስጥ በመጤዎች ላይ ሰልፍ አለ ይላሉ። ደስታነሽ ስልኩን ከእጇ አታወርድም። ሀቢሶ «ሰላም ነው፣ አትጨነቂ» ይላታል፤ እሱ ጎርፍ ሲወስደውም እንደዚያ ነው የሚለው። «ና በለው» አልኳት። «ነገርኩት» አለች። «‹ጋሼ መኪናቸው ተመልሶ ገብቷል አይደል?› አለኝ። ምን ልበለው?»



ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ



ጠዋት ስልክ ተደወለ። የሀቢሶ ድምፅ ነው፤ «እህቴ አትደንግጪ» አለ። ይህን ሰምቶ ያልደነገጠ ሰው የለም። መኪናችን አሁንም መስታወት እየጠበቀ ነው፤ የቀረን ፔጆው ነው። ቁልፉን ከደበቅሁበት ደስታነሽ እያየች አወጣሁ። የሐኪም ቦርሳዬን ይዤ ወጣን።

ዲፕስሉት መግቢያው ላይ ፖሊስ መንገዱን ዘግቷል። ከወዲያ ጭስ ይታያል። ከመንገዱ ዳር፣ ከነዳጅ ማደያው አጥር ሥር፣ የእኛ አገር ሰዎች በየካርቶናቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሀቢሶ በባዶ የለስላሳ ሳጥን ላይ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ሸሚዙን ይዞ። ሸሚዙ ነጭ እንደነበረ የማውቀው ከእጅጌው ነው።

ሞተሩን አጠፋሁ። እውነቱን ልጻፈው፤ የሚያነበው የለም። እጄ በልማዱ ብርማውን መጋረጃ አንስቶ መስታወቱ ላይ ዘረጋው። ቀኙን ከግራው በላይ። ደስታነሽ አየችኝ። ከዚያ ወንድሟን ልትደግፍ ወረደች።

ድንጋይ ነው የመታው። ከቅንድቡ እስከ ፀጉሩ ተተርትሯል፤ ደሙ አይቆምም። «አምቡላንስ ይመጣል» አለኝ ፖሊሱ። መቼ እንደሆነ ስጠይቀው ጭሱን አየ።

ሀቢሶን ከፊት ወንበር አስቀመጥነው፣ ወንበሩን አስተኛሁት። ደስታነሽ ከኋላ ሆና ራሱን በሁለት እጇ ያዘች። «ጋሼ፣ ወንበሩ ደም ይነካዋል» አለ። «ዝም በል» አልኩት። አደነዘዝኩት፣ መርፌዬን አወጣሁ፣ ጎንበስ አልኩ፣ ምንም አይታየኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ብርሃን እንዳይገባበት የደከምኩበት መኪና ነው። መስኮቱ ጥቁር፣ መጋረጃው ድፍን። መርፌ ደግሞ ቆዳን የሚያገኘው በብርሃን ነው።

መጋረጃውን ነቀልኩት፣ ጣልኩት። የዳሽቦርዱን ምንጣፍ አንስቼ ከአንገቱ ሥር ጠቀለልኩለት። ሞተሩን አስነሳሁና መኪናውን ዞር አድርጌ አፍንጫውን ፊት ለፊት ወደ ፀሐይ አቆምኩት። ያቺ በየቀኑ የምሸሻት ፀሐይ ተንደርድራ ገባች። ግንባሩ ወለል ብሎ ታየኝ፤ እያንዳንዱ የቆዳ ጫፍ።

መስፋት ጀመርኩ። ስሰፋ ደንበኛ ሐኪም ነኝ፤ ይህን ለራሴ ልመስክር። ላቤ እንዳይንጠባጠብበት ደስታነሽ በነጠላዋ ትጠርገኛለች። ቪኒሉ መሽተት ጀመረ፤ ትኩስ፣ የታፈነ ሽታ። አልዞርኩም። ሀቢሶ ዓይኑን ጨፍኖ በእሱና በእህቱ የአገር ቤት ቋንቋ ያንጎራጉራል።

መሃል ላይ ስደርስ፣ ጣ!

እንደ ደረቅ እንጨት። ሦስታችንም ሰማን። የሚቀጥለውን ስፌት ሳብኩ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው? ጫማዬ ነው የነካው?»

«ግንባርህን አታንቀሳቅስ፣ እየሰፋሁ ነው።»

«ይቅርታ ጋሼ።»

«ሀቢሶ፣ ይቅርታ ካልክ እንደገና ፈትቼ እሰፋሃለሁ።»

ደስታነሽ «አሜን» አላለችም። ከንፈሯ ግን ሲንቀሳቀስ በመስታወቱ ውስጥ አይቻለሁ።

ታኅሣሥ 12

ታማሚ አንድ፦ ሀቢሶ። የግንባር ቁስል፣ ተሰፍቷል። ቀጭን ጠባሳ ይተዋል፤ ሲስቅ አይታወቅም፣ እሱም መሳቁን አይተውም። ሱቁ የለም። ሰውየው አለ።

ታማሚ ሁለት፦ ዳሽቦርድ። ስንጥቁ ከመሃል ተነስቶ በተሳፋሪው በኩል እስከ ጥግ ይደርሳል። ትክክል መዳፉ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ያልፋል። ይህን በሳይንስ ማስረዳት እችላለሁ፤ ዘይት፣ ሙቀት፣ የደረቀ ቪኒል። ለደስታነሽ ላስረዳት ጀምሬ ነበር። «እሺ» አለችኝ። እንደዚያ ባለ ድምፅ «እሺ» ሲባል ሳይንስ ዋጋ የለውም።

ታኅሣሥ 16

ሁለተኛውን መኝታ ቤት አራገፍኩ። መለዋወጫው ወደ ጋራዥ ገባ፣ ከፍሪጆቹ ጎን። ሀቢሶ ወደ መለዋወጫው ክፍል። «ለስንት ሳምንት ጋሼ?» አለኝ። «ሳምንት መቁጠር ትቻለሁ» አልኩት። ራት ላይ ቀረበ። ጾሙ ገና ሳይፈታ የእሱ ተፈታ።

ኩስ ተመልሷል። በመስታወቱ አጎንብሶ ስንጥቁን አየና ባርኔጣውን አወለቀ፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው። «ዶክተር፣ አዝናለሁ። ቦታው አሁንም ባዶ ነው» አለ። ይህን ጊዜ ስለ ኪራይ አልጠየቅሁም። ፔጆውን ከ404ቱ ጎን አቆምኩት።

የሚፈልገው ነገር እንዳለ ከመጀመሪያው ጠርጥሬ ነበር፤ አልተሳሳትኩም። ቅዳሜ ጠዋት መኪናውን ሲያጥብ አጠገቡ የሚቆም ሰው ነው የሚፈልገው። ተንኮለኛ ሽማግሌ።

በትርዒቱ እንካፈላለን። በቃ፣ ከተሰነጠቁት ጎራ።

ታኅሣሥ 18

ዛሬ ጠዋት ጢሜን ልላጭ መስታወት ፊት ቆምኩ። ግንባሬ ያብረቀርቃል።

ቀረብ ብዬ መረመርኩት። ዘይት ነው፤ የወይራ። ትንሽ መዳፍ፣ ጣቶቹ የተዘረጉ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር ልሙጥ ቦታ። እንቅልፍ ላይ ሳለሁ ነው።

ፎጣውን አነሳሁ፣ መልሼ ሰቀልኩት። ከወጥ ቤት የሀቢሶና የእህቱ ሳቅ ይሰማል። ምን ብላ እንደጸለየች አልጠየቅኋትም።

እጠረጥራለሁ ግን።